ቦሎ መለጠፍ ወይስ መኪናን ማወቅ? ስለ ዓመታዊ የተሽከርካሪ ቴክኒክ ምርመራ

መግቢያ

ተሽከርካሪ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን እንደነበረ አይቆይም። የፍሬን ሸራው ይሳሳል፣ ጎማው ይበላል፣ ቴስቲናው ይላላል፣ የመብራቱ መስታወት ይደበዝዛል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ቀስ በቀስ ስለሆነ በየቀኑ የሚነዳው ሰው ልብ አይለውም። እግሩ ፔዳሉን ትንሽ ጠለቅ አድርጎ መርገጥን ይለምዳል፤ እጁም መሪውን ወደ አንድ ወገን ጫን አድርጎ መያዝን ይለምዳል። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ያስፈለገበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው፤ ሹፌሩ የለመደውን ጉድለት፣ ያልለመደ መሣሪያ እንዲለካው።

በአገራችን ይህን ምርመራ ብዙ ሰው የሚያውቀው "ቦሎ" በሚለው ስም ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ማኅተም ወይም ቴምብር እንደማለት ነው። የፊት መስታወት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ስም የምርመራው ስም ሆኖ ቀረ። እንደኔ አስተያየት የችግራችን ግማሽ ያለው እዚህ ስያሜ ውስጥ ነው። "ቦሎ ላሳድስ ነው" እንላለን እንጂ "መኪናዬን ላስመረምር ነው" አንልም። ስለዚህ ሐሳባችን ሁሉ ወረቀቱን በማግኘት ላይ ይሆንና መሣሪያው ስለ መኪናችን የነገረን ነገር ሳይነበብ ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ለማብራራት እሞክራለሁ። አንደኛ፣ ምርመራው ምን ምን እንደሚለካ፤ ሁለተኛ፣ ለምርመራው እንዴት መዘጋጀት እንደሚገባ፤ ሦስተኛ፣ ውጤቱ እንዴት መነበብ እንዳለበት ነው። የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ነገ ወይ መርማሪ፣ ወይ ጠጋኝ መካኒክ፣ ወይም የመኪና ባለቤት መሆናችን ስለማይቀር ጉዳዩ ሁላችንንም ይመለከታል።

1. ምርመራው በሕግ

ዓመታዊ ምርመራ የባለቤቱ በጎ ፈቃድ ሳይሆን ግዴታ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ጉዳዩን በስፋት ደንግጓል። ከዚህ ጋር የተያያዘው ደግሞ የሦስተኛ ወገን መድን ነው። ይህን መድን ግዴታ ያደረገው አዋጅ በመጀመሪያ በ2000 ዓ.ም. በቁጥር 559 ወጣ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። በተግባርም የመድን ወረቀት ያልያዘ ሰው ቦሎ አያገኝም። የሁለቱ መያያዝ ዝም ብሎ የቢሮ አሠራር አይደለም። ምርመራው አደጋ እንዳይደርስ፣ መድኑ ደግሞ አደጋ ከደረሰ ተጎጂው ባዶ እጁን እንዳይቀር ነው።

ሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ሥርዓት አላቸው። እንግሊዝ በ1960 እ.ኤ.አ. ስትጀምር የምትመረምረው 10 ዓመት የሞላቸውን ተሽከርካሪዎች ብቻ ነበር። ኋላ ግን ብዙ ጉድለት ስለተገኘ በ1967 እ.ኤ.አ. ወደ 3 ዓመት ዝቅ አደረገችው። በጃፓን አዲስ የቤት መኪና የመጀመሪያ ምርመራው በ3 ዓመቱ ሲሆን ከዚያ በኋላ በየ2 ዓመቱ ነው። ወደኛ አገር ከገቡት መኪኖች ብዙዎቹ ሌላ አገር ያገለገሉ በመሆናቸው በየዓመቱ መመርመራቸው ሲበዛ አይደለም።

2. መሣሪያዎቹ ምን ይጠይቃሉ?

ሀ. ፍሬን

ከምርመራው ሁሉ ዋናው ይህ ነው። መኪናው የአንዱን አክስል ጎማዎች በሚሽከረከሩ ሮለሮች ላይ ያሳርፋል። ሮለሮቹ በሞተር ይዞራሉ፤ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ጎማው ሮለሩን ለማቆም የሚታገልበት ኃይል ለግራና ለቀኝ ለየብቻ በኒውተን ይለካል። ከዚህ ሁለት ቁጥሮች ይሰላሉ።

የፍሬን ብቃት = የአራቱ ጎማዎች የፍሬን ኃይል ድምር ÷ የተሽከርካሪው ክብደት በኒውተን × 100

የግራና ቀኝ ልዩነት = (ትልቁ ኃይል − ትንሹ ኃይል) ÷ ትልቁ ኃይል × 100

የማለፊያው ወሰን ከአገር አገር ይለያያል። ለስሌታችን ያህል የአውሮፓ ኅብረት በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣውን መመሪያ ብንወስድ፣ ከ2012 እ.ኤ.አ. በፊት ለተመዘገበ የቤት መኪና ብቃቱ ቢያንስ 50 ከመቶ፣ የአንድ አክስል የግራና ቀኝ ልዩነት ከ30 ከመቶ ያልበለጠ፣ የእጅ ፍሬን ደግሞ ቢያንስ 16 ከመቶ መሆን አለበት።

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። ክብደቱ 1,000 ኪሎ ግራም (9,810 ኒውተን) የሆነ አሮጌ የቤት መኪና እንበል። የተገኘው ውጤት የፊት ግራ 2,000፣ የፊት ቀኝ 1,250፣ የኋላ ግራ 1,150፣ የኋላ ቀኝ 1,100 ኒውተን ነው። ድምሩ 5,500 ስለሆነ ብቃቱ 56 ከመቶ ነው፤ ያልፋል። የፊተኛው አክስል ልዩነት ግን (2,000 − 1,250) ÷ 2,000 = 37.5 ከመቶ ነው፤ ይወድቃል። ምን ማለት ነው ብትሉ፣ ይህ መኪና ይቆማል፤ ነገር ግን በድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ይስባል። ወደ ግራ ማለት ደግሞ በኛ አገር ከፊት ለፊት ወደሚመጣው መኪና ማለት ነው።

ታዲያ አንዳንድ መካኒክ ለዚህ ችግር የሚሰጠው "መፍትሔ" አለ፤ ጠንካራውን ጎን ማላላት። እስቲ እናስላው። የፊት ግራው ከ2,000 ወደ 1,400 ቢወርድ ልዩነቱ 10.7 ከመቶ ይሆናል፤ ጥሩ ይመስላል። ድምሩ ግን ወደ 4,900 ስለሚወርድ ብቃቱ 49.9 ከመቶ ሆኖ ከወሰኑ በታች ይገባል። ከደካማው ጎን ጋር ለማመሳሰል ጤነኛውን ማሳመም ማለት ይኸው ነው። ትክክለኛው ሥራ ደካማው ለምን ደከመ ብሎ መፈለግ ነው። ፒስተኑ ተጣብቆ ይሆናል፣ ሸራው ዘይት ጠጥቶ ይሆናል፣ ወይም የፍሬን ጎማ ቱቦው ከውስጥ አብጦ ዘይት አላሳልፍ ብሎ ይሆናል።

ሌላው ልብ ልንለው የሚገባ ነገር ጭነት ነው። መኪና የሚመረመረው ባዶውን ነው። ሹፌሩን ጨምሮ 1,800 ኪሎ ግራም (17,658 ኒውተን) የሚመዝን ሚኒባስ፣ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ጎማዎቹ ሮለሩ ላይ ሳይቆልፉ በድምሩ 9,000 ኒውተን ብቻ አወጣ እንበል። ብቃቱ 51 ከመቶ ነው። አሁን 12 ተሳፋሪና አንድ ረዳት እንጫን፤ እያንዳንዱን በ65 ኪሎ ብናስብ 845 ኪሎ ይጨመራል፤ ጠቅላላው 2,645 ኪሎ (25,947 ኒውተን) ይሆናል። ፍሬኑ ከዚያው 9,000 ሌላ አቅም ስለሌለው ብቃቱ ወደ 35 ከመቶ ይወርዳል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ባዶውን በ19 ሜትር ገደማ ይቆም የነበረው መኪና ሰው ጭኖ 28 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። የ9 ሜትር ልዩነት ዜብራን ከነእግረኛው አልፎ መሄድ ማለት ነው። ስለዚህ ሮለሩ ላይ "በቃ፣ ወሰኑን ካለፈ አለፈ" ማለት ለሕዝብ ማመላለሻ አይሠራም። ጎማው ሮለሩ ላይ ከቆለፈ ፍሬኑ ገና ትርፍ አቅም ሊኖረው ይችላል፤ ሳይቆልፍ ወሰኑን ለጥቂት ካለፈ ግን ትርፍ የለውም።

ለ. የጎማ አቅጣጫ፣ መሪና እግር

መኪናው በአንድ ተንሸራታች ብረት ላይ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ብረቱ ወደ ጎን የሚገፋበት መጠን ይለካል። ውጤቱ በሜትር በኪሎ ሜትር ይገለጻል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ቢሄድ ጎማው ስንት ሜትር ወደ ጎን ሊንሸራተት እንደሚሞክር ማለት ነው። በጃፓን ወሰኑ 5 ነው። ይህን መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚጥለው ከአላይመንት በፊት መፈተሽ የሚገባው የላላ ቴስቲና ነው። ቴስቲና ሳይቀየር አላይመንት ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው፤ በመጀመሪያው ጉድጓድ ይበላሻል። ከጉድጓዱ በታች ያለው መርማሪም ቴስቲናውን፣ ቦል ጆይንቱን፣ ባሌስትራውንና የዘይት መፍሰሱን በዓይኑና በእጁ ያያል።

ሐ. መብራት

አጭሩ መብራት ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ሳያሳውር መንገዱን ማሳየት አለበት። ለአብዛኛው የቤት መኪና የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ በ10 ሜትር ርቀት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ይህን ማንም ሰው ማታ ማታ ግድግዳ ፊት ቆሞ ሊሞክረው ይችላል። በግራ መንገድ ለሚነዳበት አገር የተሠራ የመብራት ዕቃ ከተገጠመ ብርሃኑ ወደ ግራ ስለሚያጋድል በእኛ መንገድ ፊት ለፊት ያለውን ሰው ዓይን ይመታል። ያገለገለ የመብራት ዕቃ ስንገዛ ይህን ማየት ይገባል።

መ. ጭስ

የቤንዚን ሞተር በካርቦን ሞኖክሳይድና ባልተቃጠለ ሃይድሮካርቦን ይለካል። የናፍጣ ሞተር ግን ነዳጁ በድንገት እስከ መጨረሻው ተረግጦ የጭሱ ጥቁረት ብርሃን ምን ያህል እንደሚከልል ይታያል። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ የራሱ ድርሻ አለው። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡረተር ያለው አሮጌ መኪና እዚህ ሲነዳ ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ ያንሰዋል፤ ስለዚህ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይጨምራል። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ግን አየሩን ራሱ ለክቶ ያስተካክላል። የአየር ፍልትሮ መለወጥ ርካሽ ነው፤ ብዙ ጭስም የሚቀንሰው እሱ ነው።

3. ዝግጅት

ምርመራ ማለት ፈተና ነው፤ ለፈተና ደግሞ በዋዜማው ሌሊት አይጠናም። እኔ የሚከተለውን ቅደም ተከተል እመክራለሁ።

ከአንድ ወር በፊት፦ የቦሎውንና የመድኑን ማብቂያ ቀን ማየት። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለ መጨረስ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር መመሳከሩን ማረጋገጥ። ሞተር የተቀየረለት መኪና ካለ ጉዳዩ ቀድሞ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት፤ ምርመራው ቀን ላይ ማስረዳት አያዋጣም።

ከሁለት ሳምንት በፊት፦ ጎማ አስፈትቶ ሸራውን ማየት፣ የፍሬን ዘይት መፈተሽ፣ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ጎማውን ከላይና ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ይዞ መነቅነቅ። ከላይና ከታች ሲነቀነቅ የሚንቋቋ ከሆነ ቦል ጆይንት ወይም ኩሺኔታ፣ ከግራና ከቀኝ ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው ቴስቲና ነው። የጎማውን ጥርስ መለካት። ብዙ አገሮች ለቤት መኪና 1.6 ሚሊ ሜትር ዝቅተኛ ወሰን አድርገዋል፤ በጎማው ዋና ቦይ ውስጥ ያለችው ትንሽ እብጠት ቁመቷ ይህን ያህል ስለሆነ የጎማው ፊት ከእሷ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። ዕድሜውን ለማወቅ በጎኑ ላይ ካለው መለያ መጨረሻ ያሉትን 4 አሃዞች ማንበብ ነው፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው።

በዋዜማው፦ ፍሬቻ፣ ስቶፕ መብራት፣ ክላክስ፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ የመቀመጫ ቀበቶ አንድ በአንድ መሞከር። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ቢያይልን ይበቃል። የእሳት ማጥፊያውን ቀንና ግፊት፣ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂውንና ትርፍ ጎማውን ማየት።

በዕለቱ ጠዋት፦ ጎማውን በቀዝቃዛነቱ በትክክለኛው ግፊት መንፋት። የአንዱ ጎን ንፋስ ካነሰ የፍሬኑንም የአቅጣጫውንም ልኬት ያዛባል። መኪናውን ማጠብ፣ ከታች ጭምር፤ ጭቃ የለበሰን ነገር መርማሪ ሊያይ አይችልም። ወደ ጣቢያው ሲደረስም ሞተሩ የሞቀ መሆን አለበት፤ የቀዘቀዘ ሞተር ከሞቀው የበለጠ ያጨሳል።

4. የተውሶ ጎማ ጉዳይ

በአፓረንትሺፕ በወጣሁበት ጋራዥ አንድ የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር አራት ደህና ጎማ በተውሶ አስገጥመው ሲመረመሩ፣ ከምርመራ መልስ ደግሞ መጥተው ሲያስፈቱ አይቻለሁ። እኔ ነበርኩ ቸርኬ የምፈታው።

"ጋሼ፣ መልሰው የድሮዎቹን ሊያስሩ ነው?" አልኳቸው።

"እና ምን ላድርግ ልጄ? የጓደኛዬ ናቸው፣ እሱም ነገ ይሠራባቸዋል። ለቦሎው ነው እንጂ ለመንገዱስ የኔዎቹ አይከዱኝም።"

"ባለቤቱ አይገዙም?"

"ባለቤቱ የሚያውቀው የማታ ገቢውን ነው። ጎማ በለው፣ 'ቦሎ አልፈሃል አይደል እንዴ?' ይልሃል።"

ይህን የምጽፈው ሰውየውን ለመውቀስ አይደለም። በየቀኑ ለባለቤቱ ገቢ የሚያስገባ፣ አንድ ቀን መኪና ከቆመበት የቤቱ ወጪ የሚጎድልበት ሰው ነው። ነገር ግን የመጨረሻዋን ንግግር ልብ በሏት። ሹፌሩ ለማለፍ ብሎ የተዋሰው ጎማ፣ ባለቤቱ አዲስ ጎማ ላለመግዛት ማስረጃ ሆነው። በተውሶ ጎማ የተገኘ ቦሎ መርማሪውን ብቻ አያታልልም፤ ዞሮ ዞሮ የሹፌሩን የራሱን ክርክር ነው የሚያፈርስበት። ወድቆ ቢሆን ኖሮ የወደቀበት ወረቀት "ጎማ ይቀየር" ብሎ ባለቤቱ ፊት ይቆምለት ነበር። በክረምት ዝናብ ጥርስ የሌለው ጎማ ውኃውን ወደ ጎን ማውጣት ስለማይችል በውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ ፍሬኑ ሮለሩ ላይ ያሳየው ቁጥር ምንም አይጠቅምም። ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ደግሞ የሚያዩት መስታወቱ ላይ ያለውን ቦሎ ነው፤ ያንን አምነው ነው የገቡት።

5. ውጤቱን ማንበብ

ቦሎ የሚናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ "አልፏል"። የልኬት ወረቀቱ ግን ቁጥር ይናገራል። 51 ከመቶ ያመጣም፣ 72 ከመቶ ያመጣም መኪና እኩል ቦሎ ይለጥፋሉ። የመጀመሪያው ግን ከሁለት ወር በኋላ የት እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ ባለቤቱ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከመክተት ይልቅ ከአምናው ጋር ቢያስተያየው ይጠቀማል። ለምሳሌ የፊት ቀኝ ፍሬን አቻምና 2,300፣ አምና 1,950፣ ዘንድሮ 1,600 ኒውተን ከሆነ፣ ሦስቱንም ዓመት ያለፈ መኪና ቢሆንም እየወረደ መሆኑን ቁጥሩ ይመሰክራል። ሐኪም የደም ግፊትን በየጊዜው መዝግቦ እንደሚያስተያየው ማለት ነው።

መኪናው ከወደቀም መለማመጥ ሳይሆን የወደቀበትን መስመር ለይቶ መጠየቅ ነው። "ፍሬን ወድቋል" በቂ መልስ አይደለም። የትኛው አክስል? ብቃት ነው ልዩነት? የትኛው ጎን ነው ደካማው? ይህን ይዞ ጋራዥ የገባ ሰው ለማያስፈልግ ጥገና ገንዘብ አይከፍልም። እኛም መካኒክ ስንሆን "ወረቀቱን እስቲ ያሳዩኝ" ማለትን ልማድ ብናደርግ ሥራችን በግምት ሳይሆን በልኬት ይሆናል።

6. ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ጥቂት

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በመንገዶቻችን ላይ በዝተዋል። "እነዚህ ጭስ ስለሌላቸው ምን ይመረመራሉ?" የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ጭስ የላቸውም እንጂ ጎማ፣ ፍሬን፣ መሪና መብራት አላቸው። እንዲያውም መኪናው ሲዘገይ ሞተሩ ራሱ ኃይል እያመነጨ ስለሚይዘው የፍሬን ዲስኩ ብዙ ጊዜ ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ ዲስክ ደግሞ ይዝጋል፣ ፒስተኑም ሊጣበቅ ይችላል። ባትሪው ከባድ ስለሆነ ጎማውም ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ለእነሱ የሮለሩ ልኬት ከሌላው ያነሰ ጥቅም የለውም።

ማጠቃለያ

ዓመታዊ ምርመራ የአንድ ቀን ልኬት ነው። መርማሪው መኪናውን በዓመት አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ያየዋል፤ የቀረውን ጊዜ መርማሪው ሹፌሩና ባለቤቱ ናቸው። ቦሎው ያንን አንድ ቀን ይመሰክራል፤ ቁጥሮቹ ግን ለሚያነባቸው ሰው ስለ ቀሪው ዓመት ይናገራሉ። ስለዚህ ለመኪና ባለቤቶች የምለው፣ መኪናችሁን የምታስመረምሩት መንገድ ላይ በምትነዱበት ጎማና ፍሬን ይሁን፤ ከወደቀም የወደቀበትን ምክንያት በጽሑፍ ያዙ፤ ካለፈም ቁጥሩን አስቀምጡ ነው።

ለዲፓርትመንታችን ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። በወርክሾፓችን ለልምምድ የምንጠቀምባቸውን መኪኖች የፍሬን ልኬት በየሴሚስተሩ መዝግበን ብናስቀምጥ፣ ከኛ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች ፍሬን እንዴት እየደከመ እንደሚሄድ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችን መዝገብ ይማራሉ። ሥራው አንድ ደብተርና ጥቂት ሰዓት እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። በዚህ የምትስማሙም ሆነ የተለየ አስተያየት ያላችሁ ተማሪዎችና መምህራን በሚቀጥለው እትም ብትጽፉበት ደስ ይለኛል።